ቁልፉ በማን እጅ ነው? የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎችና የጋዝ ፍተሻ፣ ከደሴ እስከ ደጋን

አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኢንስፔክሽን ሲመዘን ቤተ ሙከራ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ክፍሉ፣ ጠረጴዛው፣ የኬሚካሉ መደርደሪያ ይታይና ነጥብ ይሰጣል። ጥግ ላይ የቆመው የጋዝ ሲሊንደር ጎማው ስንት ዓመት ሆነው? ሬጉሌተሩስ ያፈስሳል? መስኮቱ ሲገፋ ይከፈታል ወይስ በቀለም ተጣብቆ ቀርቷል? ባለፈው ጊዜ የፈተሸው ማን ነው፣ የትኛው መዝገብ ላይስ ፈረመ? እነዚህን መጠየቅ ሥራዬ ነው የሚል አካል ግን ተፈልጎ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ በባቲ መንገድ ወደ ደጋን እየወረደ ይዳስሳል። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ በቦርከና ወንዝ ዳር ትገኛለች። ደጋን ደግሞ ቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ በሚያወርደው ሞቃት አቅጣጫ ላይ ናት፤ ከጅቡቲ በሚሌ ዞሮ ኮምቦልቻ የሚገባ ጭነት በሷ በኩል ያልፋል። ጋዝ በነዚህ ሦስት ከፍታዎች አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። የደኅንነት መመሪያዎቹ ግን የተጻፉት ለባሕር ዳርቻ አየር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በቤተ ሙከራዎቻችን ጋዝ የሚቆጣጠርልን ዋናው መሣሪያ የበሩ ቁልፍ ሆኗል። መምህሩ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚፈትሽለት፣ “ይህ ይሠራል፣ ያንን አትንካ” ብሎ የሚፈርምለት ባለሙያ ግን የለውም። ስለዚህ ይቆልፋል። አልፈርድበትም። ነገር ግን ፍተሻ የሌለበት ቁልፍ ሁለት ኪሳራ ያመጣል፤ ተማሪው ሙከራ ሳያይ ይመረቃል፣ ክፍሉ በተከፈተባት በዚያች አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ያረጀ፣ ሁሉም ሰው እንግዳ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቤተ ሙከራዎቻችን ውስጥ ያለው ጋዝ ምንድን ነው? እንደ አውሮፓ ትምህርት ቤቶች በግድግዳ ውስጥ ተዘርግቶ በየጠረጴዛው በሩቢኔት የሚወጣ ጋዝ በአገራችን ብርቅ ነው። የኛ ጋዝ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ ከነዳጅ ኩባንያ የሚገዛው የኤልፒጂ ሲሊንደር ነው፤ ቤት ውስጥ ወጥ የምንሠራበት ያው ነው። ሁለተኛው ከስፕሪት መብራት የሚወጣው የአልኮል ተን ነው። ሦስተኛው መምህሩ ራሱ ለትምህርቱ ሲል የሚፈጥረው ነው፤ ሃይድሮጅን፣ አሞኒያ፣ ክሎሪን፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። “እኛ ጋ ጋዝ የለም” የሚል ርዕሰ መምህር ብዙውን ጊዜ ሲሊንደር የለም ማለቱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን አሉ፤ የኬሚስትሪ መጽሐፉ ራሱ ያዛል።

ከሲሊንደሩ እንጀምር። ኤልፒጂ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሲያፈተልክ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ በጠረጴዛ ሥር ይሳባል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ካገኘ እዚያ ይወርዳል። አየር ውስጥ ከመቶ ሁለት ያህል ሲሆን ለመቀጣጠል ይደርሳል። ሂሳቡን በደሴ አየር እናስላው። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በዚህ ግፊት አንድ ኪሎ ኤልፒጂ ሲተን 0.6 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። ቤተ ሙከራው 8 በ10 ሜትር ነው እንበል። ጋዙ ወለሉን ይዞ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢንጣለል ከ24 ሜትር ኩብ አየር ጋር ተደባለቀ ማለት ነው። የዚህ ከመቶ ሁለት እጅ ግማሽ ሜትር ኩብ አይሞላም። እንግዲህ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ጋዝ፣ ማለትም ከአንድ የቤት ሲሊንደር ጥቂቱ ብቻ፣ ሌሊቱን አፈትልኮ ቢያድር ጠዋት መብራት የሚያበራውን ሰው እግር ሥር ይጠብቀዋል።

ይህ ሂሳብ ወደ መስኮቱ ይወስደናል። የመማሪያ ክፍሎቻችን መስኮት ብዙውን ጊዜ ከወለል ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ተማሪ ወደ ውጭ እንዳያይ፣ ሌባም እንዳይገባ። ለጥቁር ሰሌዳ ክፍል መልካም ነው። ሲሊንደር ላለበት ክፍል ግን አየር ማስወጫው ከወለሉ ጋር መተካከል አለበት። ግድግዳው ግርጌ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ መተው የአንድ ግንበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከዚህ የሚሻለው ሲሊንደሩን ከክፍሉ አውጥቶ በውጭ ግድግዳ ላይ፣ ጥላ ባለው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ማቆም ነው። ደጋንን በመሰለ ሞቃት ቦታ ይህ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ፕሮፔን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሊንደሩን ከባሕር ዳርቻ አየር ስምንት እጥፍ በሆነ ግፊት ይገፋዋል፤ በ40 ዲግሪ ከ13 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቆርቆሮ የለበሰ የዕቃ ክፍል በግንቦት ቀትር ምን ያህል እንደሚግል የአካባቢው ሰው ይነግራችኋል። ደሴ ላይ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። በኅዳር ማለዳ ቡቴን የበዛበት ጋዝ ቀዝቅዞ እሳቱ ሲደክም፣ ሲሊንደሩን እሳት ዳር ላስጠጋው የሚል አይጠፋም። ይህን የሚከለክል ማስታወቂያ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይበዛበትም።

የሲሊንደር ፍተሻ የሚያስፈራ ሳይንስ የለውም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ ይበጠበጣል። በክፍሉ ውስጥ አንዳች እሳት አለመኖሩ ይረጋገጣል። የበርነሮቹ ሩቢኔቶች ሁሉ ተዘግተው የሲሊንደሩ ቫልቭ ይከፈታል። ከዚያ አረፋው በብሩሽ ቫልቩ አንገት ላይ፣ ሬጉሌተሩ ላይ፣ ጎማው በፋሻታ በታሰረበት በሁለቱም ጫፍ ይቀባል። አረፋ ከነፋ ያፈስሳል። ያኔ ቫልቩ ይዘጋል፣ ጎሚኒው ወይም ጎማው ይለወጣል፣ ፍተሻው እንደገና ይደረጋል። ጎማው በጣት ታጥፎ ይታያል፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ይጣላል። ለጋዝ ተብሎ በተሠራ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ታትሞ ይገኛል። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሊሆን ይችላልና አንዱንም ቀን ማገልገል የለበትም፤ ኤልፒጂ የተፈጥሮ ጎማን ይበላል። በመጨረሻ እሳቱ ተለኩሶ ቀለሙ ይታያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ከጣለ አየር አንሶታል፤ የደሴው ስስ አየር ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ፍሳሽን በክብሪት የሚፈልግ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ ስለሚወራ እዚህ አልደግመውም።

የስፕሪት መብራቱ ከሲሊንደሩ ይልቅ ያሳስበኛል። ርካሽ ስለሆነ በብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ ስለለመድነውም አንፈራውም። የተገዛው ሲሰበር በመድኃኒት ጠርሙስ ይተካል፤ ክዳኑ ይበሳል፣ የጥጥ ክር ይገባበታል፣ በስፕሪት ይሞላል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ችግሩ ክዳኑ ላይ ነው። የተበሳው ቀዳዳ ከክሩ ከሰፋ ነበልባሉ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ያገኛል፤ የፕላስቲክ ክዳን ከሆነ ደግሞ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። ንጹሕ ኤታኖል የሚቀጣጠል ተን ማውጣት የሚጀምርበት ሙቀት 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ይላሉ ሠንጠረዦቹ። ቁጥሩ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር ይህ ሙቀት አብሮ ይወርዳል፤ በደሴ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። 10 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መምህሩ መጽሐፉን አምኖ “ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ጠርሙሱ ክፍት ቢሆን አይቀጣጠልም” ቢል ተሳስቷል። ደጋን ላይ ሠንጠረዡን ማየትም አያሻም፤ ክፍሉ ሁልጊዜ ከዚያ ሙቀት በላይ ነው። ሌላው ጠንቅ ደግሞ የአልኮል እሳት በቀን ብርሃን በግልጽ አለመታየቱ ነው። የጠፋ የመሰለ መብራት ላይ ከትልቁ ጠርሙስ ስፕሪት ሲጨመር እሳቱ ወደ ጠርሙሱ ይሮጣል፣ ከጠርሙሱም ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ተማሪዎች ይወረወራል።

ይህ ሀብታም አገርም ያልዳነበት አደጋ ነው። በአሜሪካ የኬሚካል አደጋዎችን የሚመረምረው ፌዴራል መሥሪያ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር፣ በትምህርት ቤት ውስጥ በሜታኖል የሚደረገውን የቀስተ ደመና ነበልባል ማሳያ የሚያስጠነቅቅ ቪዲዮ አወጣ። ቪዲዮው ወር ሳይሞላው፣ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው ቢከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልክ በዚያው ማሳያ ሁለት ተማሪዎች ተቃጠሉ። ማስጠንቀቂያው በተለቀቀበት አገር እንኳን መምህሩ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አላገኘም። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ከሚኒስቴር ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚቆይ አንባቢ ያውቀዋል።

ከሁሉ የከፋው የትምህርት ቤት የጋዝ አደጋ ከቤተ ሙከራ የመጣ አልነበረም። መጋቢት 18 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ኒው ለንደን በምትባል ቦታ፣ በነዳጅ ሀብት በበለጸገ አካባቢ የተሠራ ትምህርት ቤት ከወለሉ ሥር በተጠራቀመ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ትምህርት ቤቱ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ከነዳጅ ኩባንያ መስመር ጋዝ ይጠልፍ ነበር። ጋዙ ሽታ አልነበረውምና መፍሰሱን ያወቀ የለም፤ በእጅ ሥራ ክፍል የተነሣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብልጭታ ለኮሰው። ዛሬ ሲሊንደር ሲያፈስስ የሚሸተን ያ የበሰበሰ ነገር ሽታ እንዲጨመር በሕግ ማስገደድ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጋዙ በራሱ አይሸትም፤ የሚሸተው የተጨመረበት መርካፕታን ነው። ስለዚህ አፍንጫችን ጥሩ ፈታሽ ነው፣ ግን ጉንፋን ይይዘዋል፣ ይለምዳልም። በሰልፋይድና በአሲድ የሚሠራው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ መጠኑ ከሚሊዮን መቶ እጅ አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል። ሽታው ሲጠፋ ሰው ጋዙ የወጣለት ይመስለዋል።

እንግሊዞች ነገሩን በሕግና በመዝገብ አጥረውታል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋዝ ደኅንነት ደንባቸው የጋዝ መስመርን የሚነካ ባለሙያ የተመዘገበ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝገቡ ጋዝ ሴፍ ይባላል። ለትምህርት ቤት ሳይንስ ብቻ የቆመ፣ መምህር ደውሎ “ይህን ሙከራ ላድርገው ወይ?” ብሎ የሚጠይቀው ክሊፕስ የሚባል አማካሪ ድርጅትም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው። የነሱን መዝገብና የነሱን ወጪ ወደ ቃሉ ወረዳ እናምጣ ብል ይሳቅብኛል፤ ተገቢም ነው። የምቀናው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እዚያ አንድ ቤተ ሙከራ ቢፈነዳ መጨረሻ የፈረመው ሰው ስም ይገኛል።

እኛ አገር ሕግ ሞልቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራ ደኅንነትና ጤንነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም አሉ። ኮምቦልቻ ላይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ሰው ቢያንስ በወረቀት በዚህ ሕግ ይጠበቃል። ከፋብሪካው አጥር ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ኬሚስትሪ መምህር ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ አዋጁ አይመለከተውም። ተማሪውማ ሠራተኛም አይደለም። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕንፃው ሲነደፍና ሲሠራ ያያል፤ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ የደረቀ ጎማ አያይም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ጉዳዩ ከአቅርቦትና ከሥርጭት ጋር ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ኬሚካሉ ቆሻሻ ሆኖ ሲወገድ ይመጣል። እያንዳንዱ ሕግ እስከ ቤተ ሙከራው በር ድረስ ይመጣና ይመለሳል።

በሩን የሚያልፈው ብቸኛው የትምህርት ኢንስፔክሽን ነው። በ2006 ዓ.ም. ግድም ሥራ ላይ የዋለው ማዕቀፍ 26 መመዘኛዎች አሉት፤ ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን እየመዘነ ትምህርት ቤቶችን በአራት ደረጃዎች ይመድባል። ትምህርት ቤት የሚያስጨንቅ፣ ርዕሰ መምህር የሚያሯሩጥ፣ ወላጅ የሚያነጋግር ጉልበት አለው። ይሁንና ከ26ቱ አንዱም በስሙ ስለ ጋዝ ፍተሻ አይናገርም፤ ቤተ ሙከራ የሚታየው ከቤተ መጻሕፍትና ከመጸዳጃ ቤት ጋር በግብዓትነቱ ነው። ኢንስፔክተሩም በአብዛኛው የትምህርት ባለሙያ ነው። ሬጉሌተር ለይቶ እንዲያይ ማንም አላሠለጠነው፣ የሳሙና ብሩሽም አልያዘም። ክፍሉ መኖሩን አይቶ ያልፋል፤ የተሰጠው ቼክሊስት እስከዚያ ድረስ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብንል መልሱ ከጋዝ ይርቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ መምረጥ ነው፤ ኬሚስትሪም ፊዚክስም በእጅ የሚሠራ ፈተና የላቸውም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ የተደናገጠው በነጥቡ ነበር፤ ስንቱ ተማሪ ቡንዘን በርነር በእጁ ለኩሶ ያውቃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ቀደም በ1997 ዓ.ም. ግድም የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሙከራውን በስክሪን አሳየን፤ ክሎሪኑ እዚያ ማዶ ይወጣል፣ እዚህ ማንም አያስለው። ያልተፈተነ ነገር አይሠራም፣ ያልተሠራ ነገር አይጠገንም፣ ያልተጠገነው ይቆለፋል።

የቆለፍነው ክፍል ውስጥ ያለው ግን ተኝቶ አይጠብቅም። ናይትሪክ አሲድ ጢሱ ከክዳኑ እያመለጠ የመደርደሪያውን ብረት ይበላል። የኤተር ጠርሙስ ለዓመታት አየር እያገኘ ሲቀመጥ ፐርኦክሳይድ ያበጃል፤ ደርቆ ክዳኑ ላይ ከያዘ ለመክፈት መሞከር ብቻ ያፈነዳዋል። መምህሩ ሊያስወግዳቸው ቢፈልግ ሌላ አጥር ይጠብቀዋል። ጠርሙሱ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው። ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ወረዳው ፊርማ ቢጥለው ንብረት አጎደለ ይባላል፤ መመሪያው ወንበርንና ጊዜው ያለፈበትን ኤተር በአንድ ዓይን ያያል። በዚህ ምክንያት ብዙ የዕቃ ክፍሎች የአደገኛ ነገር ሙዚየም ሆነዋል ብል ማጋነን አይሆንም። አሲድና በረኪና በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን የሚቆሙትም እዚያው ነው፤ ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ላይ ሲወድቁ ክሎሪን ይወጣል። ሽንት ቤት ለማጽዳት ሁለቱን ቀላቅሎ የታፈነ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለነዚህ ጋዞች የተሠራው ፊዩም ሁድ የሚባለው ጋዝ መሳቢያ ሳጥንም ማራገቢያው ከቆመ በኋላ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉበት በደቡብ ወሎ ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተጨመረ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ከመንግሥት እጅ ወጥተው ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ከፊል ወይም ሙሉ ጉዳት ደረሰባቸው። ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላሙን ገና አላገኘም፤ ብዙ ትምህርት ቤት በር ለመክፈት በሚቸገርበት ጊዜ ስለ ጋዝ ጎማ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። እየተጠገነ ያለ ግድግዳ ላይ የወለል አየር ማስወጫ መተው ያለ ወጪ የሚባል ነው፤ ከተለሰነና ከተቀባ በኋላ ግን ማንም አይበሳውም። ዕርዳታ ሰጪም ሲመጣ የሚጠየቀው አዲስ በርነር ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ በርነር አሮጌው የነበረበት አደጋ ላይ ይቀመጣል።

ታዲያ ማን ይፈትሽ? አዲስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚለው ሐሳብ አይጥመኝም፤ መኪና ይገዛል፣ አርማ ያሠራል፣ ደጋን ሳይደርስ በጀቱ ያልቃል። ሙያው እዚሁ አካባቢ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ መሐንዲሶችን የሚያወጣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ቁጥር 1152/2011 ደግሞ የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል። ደሴ ላይ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስህን ሚካኤል ስም የሚጠራው አንጋፋ ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ሆኗል፤ እንዲህ ባሉ ኮሌጆች የብረት ሥራና የቧንቧ ሥራ የሚያስተምር ሰው ጎሚኒና ፋሻታ በጨለማ ይለያል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የደኅንነት ባለሙያዎች ደግሞ ቦይለርና የግፊት ዕቃ የዕለት ሥራቸው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ትምህርት ቤት ግማሽ ግማሽ ቀን ቢያዩ የወረዳው ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። የጎደለው የሚያገናኛቸው ደብዳቤና የፊርማቸው ክብደት ነው።

ክብደት ስል በትክክል የምለው ይህን ነው። ፈታሹ “ይዘጋ” ብሎ ሲጽፍ ሲሊንደሩ ያኔውኑ መውጣት አለበት፤ “ይሠራል” ብሎ ሲፈርም ደግሞ መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ተጠያቂ መሆኑ ይቀርለታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ባይ ነኝ። ቁልፉን የሚያስከፍተው እሱ ነው። ያለዚያ ፍተሻው አንድ ተጨማሪ ቅጽ ይሆንና መምህሩን ይበልጥ ያስፈራዋል፤ ጠንካራ ቁጥጥር አመጣን ስንል ጠንካራ ቁልፍ አመጣን ማለት ይሆናል።

ጋዙን ማሳነስም አንድ መንገድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ራድማስት ማዕከል በዩኔስኮ ድጋፍ ያስፋፋው ጥቃቅን ኬሚስትሪ የሚባል ዘዴ ሙከራውን በጠብታና በሚሊ ሊትር ያደርገዋል፤ ክሎሪኑ ቀለም ለመንጠቅ ይበቃል፣ ክፍል ለማፈን ግን አይበቃም። ኪቱ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ነው። ፊዩም ሁድ ለሌለው የወረዳ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። የኤሌክትሪክ ምድጃም ጋዝን ይተካል የሚሉ አሉ፤ መብራት ባለበት ቀን እውነት ነው።

የክረምቱ ዕረፍት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ተማሪ የለም፣ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ የዩኒቨርሲቲውና የኮሌጁ መምህራንም ፋታ ያገኛሉ። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች የትምህርት መምሪያዎች፣ የቃሉ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም፣ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ መመሪያ እስኪያወጣ ሳትጠብቁ በመጪው ነሐሴ ከየአካባቢያችሁ አንድ አንድ ትምህርት ቤት መርጣችሁ ጀምሩ። ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል ከሞዴል 19 ለመሰረዝ የሚያስፈልገውን ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ሰብስቡ። የፍተሻውን ውጤት ደግሞ ቀኑን፣ የፈታሹን ስምና ፊርማ ይዞ፣ መስከረም ላይ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።